ያሸሸናት የስፌት መኪና

አባቴን ጦር ኃይሎች መታጠፊያው ላይ ያቆሙት «በንጉሥ አምላክ!» ብለው ነው። ከወታደሮች ለማጥበብ የተቀበለውን ሱሪ በአንሶላ ቋጥሮ ትከሻው ላይ አድርጓል፤ እኔ የክርና የቁልፍ ቆርቆሮውን ይዤ ከኋላው እከተላለሁ። በዚያ ዘመን በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው ከጠሪው ጋር ዳኛ ፊት ሳይደርስ ወደ ጉዳዩ መሄድ አይችልም ነበር። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል። ወራጅ ውሃ ሲቆም አይቼ አላውቅም። አባቴ ግን ቋጠሮውን እንደተሸከመ መንገዱ መሐል ቀጥ አለ፤ ባለ ጋሪው እየተሳደበ ዞሮት አለፈ።

ያቆሙት ሰውዬ በእኛ ሰፈር፣ በኮልፌ፣ ባለ ጃንጥላው ይባላሉ። ክረምት ከበጋ ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም። ቤተ ክርስቲያን አያስታጉሉም፣ ለቅሶ አይቀሩም፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ባርኔጣ አንስተው እጅ ይነሳሉ፤ የልጆቹን ደኅንነት አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። እኔ ከድሮም ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ደስ አይለኝም። ሥራቸው አራጣ ማበደር ነበር።

አባቴ የተበደረው ለአያቴ ተዝካር ነው። አንድ ልጇ እሱ ነበር። ዳስ ሳይጥል፣ በሬ ሳያርድ ቢቀር ከአገር ቤት የሚመጣው ዘመድ ምን ይላል? ዘመድ ምንም እንዳይል ብለን የገባንበት ዕዳ ነው እንግዲህ። ሰውዬው ገንዘብ ሲሰጡ ወረቀቱ ላይ የሚያስጽፉት የሰጡትን ሳይሆን የዚያን እጥፍ ነው። እጥፉ አራጣው መሆኑን ፈራሚውም እማኞቹም ያውቁታል። ሕጉ አራጣን ከልክሏል ይባል ስለነበር ወረቀቱ ላይ አራጣ የሚል ቃል የለም። አዲስ ሕግ ወጣ ሲባል የእኛ ሰፈር ሰው ዓይኑ ያየው ለውጥ ይሄ ብቻ ነው፤ ድሮ በግልጽ ይጻፍ የነበረው አሁን ተሸፍኖ ይጻፋል።

ዳኛው ፊት ነገሩ ረጅም አልነበረም። «ፊርማው ያንተ ነው?» አሉት። «አዎን ጌታዬ» አለ። ስለ እጥፉ ለመናገር አፉን ከፈት ሲያደርግ ባለ ጃንጥላው በሐዘኔታ አዩት፤ አፉን መልሶ ዘጋ። ያለው ሁሉ ተይዞ ዕዳው ይከፈል ተብሎ ተፈረደ። ወጥተው ሲለያዩ ሰውዬው ለእናቴ ሰላምታ ላኩ።

ያለው ሁሉ ሲባል እንግዲህ ምን ነበረን? አንድ በረንዳ ያለው ቤት በኪራይ፣ አንድ አልጋ፣ ደንበኛ ራሱን የሚያይበት ትልቅ መስታወት፣ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ የከሰል ካውያ፣ መቀሶች፣ እና መኪናዋ። በእግር የምትረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና ናት፤ አንገቷ ላይ የነበረው የወርቅ ቀለም አበባ አባቴ ሲደገፍበት ኖሮ ደብዝዟል። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ አጠገቡ ተቀምጬ የቁልፍ ቀዳዳ የምሠራ፣ እጥፋት የምሰፋ ልጃገረድ ነበርኩ። መኪናዋ ከሄደች አባቴ በስተርጅና የሰው ተቀጣሪ፣ እኔም የሰው ቤት ሠራተኛ መሆናችን ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እናቴ ማታ ማታ መኪናዋን ስትወለውል እጇን አይቼ አወቅሁት።

ከፍርዱ በኋላ ባለው ሰሞን አንድ ጸሐፊ ኮቱን ሊወስድ መጣ። ጸሐፊው ፍርድ ቤት የሚሠራ፣ ከእኛ ጀርባ አንድ ክፍል የተከራየ፣ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ነው። ኮቱ ፀሐይ በልቶት ነበርና አባቴ ገልብጦለታል፤ ስፌቱን ሁሉ ፈትቶ፣ ያልነጣውን የውስጡን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ፣ እንደገና ገጥሞ መስፋት ማለት ነው። የተገለበጠ ኮት የሚታወቀው የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ ስለሚዞር ነው። ጸሐፊው ለብሶት መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለና የተጠየቀውን ያህል ሳይከራከር ከፈለ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ጉዳይዎን መዝገብ ቤት አይቼዋለሁ። አይዞዎት፣ መኪናዋን አይነኩም።»

አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። «ማነው የማይነካት?»

«ፍርድ አስፈጻሚው ነዋ። ሰው እንጀራውን የሚያገኝበት መሣሪያ ለዕዳ አይያዝም፣ በሕግ ተጽፏል። የሚተኙበት፣ የሚለብሱት፣ የሚያበስሉበት፣ ለጥቂት ጊዜ የሚበሉት እህልም እንደዚሁ ነው። እርስዎ 'ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መሣሪያዬ ይኼ ነው' ብቻ ይበሉ። መኪናዋ እዚሁ በረንዳ ላይ ትቆይ። እንዲያውም ሲመጡ እየሠሩባት ቢያገኙዎት ይሻላል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አባቴ። ጸሐፊው የተገለበጠ ኮቱን ለብሶ ሄደ።

እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰምታለች። ብቅ ብላ፣ «'በረንዳ ላይ ትቆይ' ነው ያለህ?» አለችው።

«እንደዚያ ነው ያለኝ።»

«ለምን በረንዳ ላይ? ማንሣት እንዲቀልላቸው ነው? ደግሞ 'እየሠራህባት ያግኙህ' ይላል! በሬን ቀንበር ላይ እንዳለ አስረክብ ማለት እኮ ነው!»

«ሕግ ነው ያለው።»

«ሕጉ ሲፈረድብህ የት ነበር?»

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት እኛ ቤት ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የሚደገም ነበርና ሦስታችንም ቁጭ ብለን ጸሐፊውን እንደ ገንፎ እናገላብጠው ጀመር። እናቴ ሚስቱን ከባለ ጃንጥላው ሚስት ጋር ከማኅበር ስትመለስ አይታታለች። አባቴ ደግሞ ጸሐፊ ደሃን በነጻ የመከረበትን ጊዜ አያስታውስም። እኔ ያነሣሁት የኮቱን ነገር ነው። የማይከራከር ደንበኛ አይቼ አላውቅም፤ ሻለቃ እንኳ ለቁልፍ ይከራከራል። ለምንድን ነው ያልተከራከረው? ዛሬ ሳስበው ሰውየው ምናልባት ዓይን አፋር ነበር። ያን ጊዜ ግን ዓይን አፋርነት ለምክንያትነት የሚበቃ ነገር መስሎ አልታየንም።

በሰፈራችን የተፈረደበት ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ዕቃውን ያሸሻል። አስፈጻሚ ይመጣል የተባለ ሰሞን የቤት ዕቃ ሁሉ እግር ያወጣል። የአንዱ ቁም ሣጥን ሌላው ቤት ያድራል፣ የአንዷ አልጋ በሌላዋ ጓሮ ዞሮ ይገባል፤ መንገድ ላይ የሚያያቸው ሰው ደግሞ እንዳላየ ያልፋል፣ ነገ የእሱም ተራ ነውና። ዕቃውን ሳያሸሽ የተወረሰበትን ሰው ማንም አያዝንለትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉታል።

ማን ጋ እንደምናሸሻት ብዙ አላከራከረንም። ኮልፌ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ፣ ከአባቴ ጋር ካንድ አገር የመጣ እስላም ወዳጅ ነበረን። እኛ ለፋሲካ እሱን እንጠራለን፤ እሱ ለኢድ እኛን ይጠራል፤ ሥጋው ቢለያይም ገበታው አንድ ነው። አባቴ በዓለም ላይ የሚያምነው ሰው አንድ ቢኖር እሱ ነው። ነገሩን ሲነግረው ሰውየው አንዳች ነገር ሊናገር ፈልጎ መልሶ ዋጠው፤ «አምጣት፣ ከጆንያው ኋላ ትቀመጣለች» ብቻ አለ። ይህን መዋጡን አየሁ። በዚያ ሰሞን የሁሉንም ሰው ፊት እመረምር ስለነበር ነው ያየሁት። የእሱን ግን አልጠረጠርኩም። ጥርጣሬያችንን ሁሉ ጸሐፊው ላይ ጨርሰነው ነበር መሰለኝ።

የመኪናዋ ራስ ከእግሯ ይፈታል። ራሷን እናቴ በጋቢ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አዘለቻት፣ አናቷ ላይ የሕፃን ቆብ ደፋችባት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወጣን። ብረት ነውና እናቴ ጎንበስ ብላ እያዘገመች ትሄዳለች። ከእድር የምናውቃት አንዲት ሴትዮ አጠገባችን ቆመች።

«እንዴ፣ የማን ልጅ ነው?»

«የእኅቴ። አሞት ነው፣ ተይው እንዳይነቃ።»

ሴትዮዋ ቆቡን ዳበስ አደረገችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች። «ምን ያህል ቢበርደው ነው! ምነው ዘነበወርቅ ሐኪም ቤት ብትወስጂው?»

«ነገ» አለች እናቴ። መንገዱን እስክንጨርስ ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ «ይቺ ለምን ዳበሰችው?» እያለች ሱቁ ገባን። የመኪናዋን እግር አባቴና የበርበሬ ነጋዴው በሰሌን ሸፍነው በኋላ አመጡት።

አስፈጻሚው የመጣው በሳምንቱ ጠዋት ነው። አንድ ፖሊስ አብሮት አለ፤ ባለ ጃንጥላው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከደጅ ቆመዋል። አስፈጻሚው ረጋ ያለ ሰው ነበር። ጫማውን ከመድረኩ ላይ ጠርጎ ገባና አባቴን «እንደምን አደሩ?» አለው። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። የመንግሥት ሰው ልብስ ሰፊን አንቱ ሲል ሰምተን አናውቅማ።

አልጋውን አይቶ አለፈው። ድስቱን፣ ጋኑን፣ የጤፉን ከረጢትም አይቶ አለፈ። «እነዚህ አይያዙም» አለው ለፖሊሱ። አባቴና እናቴ ተያዩ። ከዚያ በረንዳው ላይ ቆመና መሬቱ ላይ የመኪናዋ እግር ተክሎት የሄደውን አራት ጉድጓድ አየ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ምንም» አለ አባቴ።

«ልብስ ሰፊ ነዎት አይደለም እንዴ?»

«ነበርኩ። ትቼዋለሁ።»

«መኪና የለዎትም?»

«ሸጬዋለሁ።»

አስፈጻሚው ወደ ደጅ ገልመጥ አለ፤ ከዚያ ባለ ጃንጥላው እንዳይሰሙ ይመስላል፣ ቀረብ ብሎ፣ «ይስሙኝ። ካለችዎት ይንገሩኝ። የሚሠሩባት ከሆነች አልነካትም፣ እንዳልነካት ሕግ ያዘኛል» አለው።

አባቴ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። የጸሐፊውን ቃል ነው የሚሰማው፤ አንድ ዓይነት ቃል ከሁለት አፍ። እኛ ቤት ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ሲናገሩ እውነት ስለሆነ ነው አይባልም፤ ተማክረው ነው ይባላል። «የለችኝም ጌታዬ» አለ። «ሸጬ በልቻታለሁ።»

«ለመሆኑ ለማን?»

«ለመንገደኛ።»

ሰውየው ተነፈሰ። ወደ መስታወቱ፣ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ካውያውና ወደ መቀሶቹ ዞረ። «ልብስ መስፋት ከተዉ እንግዲህ እነዚህ የሥራ መሣሪያ አይደሉም» አለ። እስቲ አሁንም ያስቡበት እንደማለት እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አቁሞ ጠበቀ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። እናቴ አንድ ጊዜ ቃል ሊያመልጣት ሲል ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ፖሊሱ መስታወቱን ሲያነሣው መንገዱ፣ ሰማዩና የተሰበሰበው ጎረቤት እየተገላበጠ ውስጡ አለፈ። አባቴ መኪናዋን መሸጡንና ሙያውን መተዉን አመነ ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረመ። ባለ ጃንጥላው ሊሰናበቱን ብቅ ብለው፣ «እግዜር በሌላ ይካስዎ» አሉት። በሆዴ ረገምኳቸው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እናቴ ፊቷ አበራ። «አየህ?» አለችው። «ካውያና መቀስ ያልማረ ሰው መኪናን ይምር ነበር?» አባቴም አመናት፣ እኔም አመንኳት። ነገሩ እንዲህ ሲነገር ልክ ይመስል ነበር።

ልብስ መስፋት የተወ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ አይሰፋም፤ ወታደሮቹ ደግሞ ሱሪያቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ አባቴ ከበርበሬ ነጋዴው ሱቅ ጀርባ፣ ከጆንያዎቹ መሐል፣ መኪናዋን አቁሞ ተደብቆ መስፋት ጀመረ። ሲያስነጥስ ይውላል፣ ዓይኑ ደም መስሎ ይመጣል። ነጋዴው ገበያተኛ ሲገባ ጮክ ብሎ ያስላል፤ አባቴ መርገጡን ያቆማል። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ወታደር የጠበበለትን ሱሪ እንደታጠፈ ይዞ እቤታችን ድረስ እየበረረ መጣ። «ይሄ ሰውዬ በክር ነው ወይስ በሚጥሚጣ ነው የሚሰፋው? ሰልፍ ላይ ጭኔ ተቃጥሎ ልሞት!» እያለ ይጮኻል። እናቴ ይቅርታ ለምና፣ ሱሪውን አጥባ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ የሰፋነውን ሁሉ እኔ በጓሮ አራግፌ፣ አስጥቼ፣ ነበር የማስረክበው። ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል ነፋስ ሲመጣ ደግሞ የሰጣሁትን በሩጫ እሰበስባለሁ። እንደዚህም ሆኖ እየኖርን ነበር። ዕዳው ገና አላለቀም፤ መኪናዋ ግን አለችን።

የበርበሬ ነጋዴው በአንድ ጠዋት ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ መጣ። ቁጭ በል ቢሉት እምቢ አለ። የዋጠውን ነገር ያን ቀን ተፋው፤ መርካቶ ላለ ጅምላ ነጋዴ የበርበሬ ዕዳ ነበረበት። እሱም ተፈርዶበት ኖሯል። ለአባቴ እንዳይነግረው አፈረ፤ አባቴ ጭንቅ ላይ ሆኖ አደራ ሲለው ደግሞ እንዴት እምቢ ይበል? ለእሱ የተላከው አስፈጻሚ፣ የእኛው ሰውዬ፣ ያን ዕለት ማለዳ መጥቶ ሚዛኑን ትቶለት፣ ከጆንያው ኋላ መኪናዋን አግኝቷል።

«የእኔ አይደለችም ብዬ በአላህ ምዬ ነገርኩት» አለ። «'ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው' አለኝ። 'አንተ በርበሬ ሻጭ ነህ፣ የስፌት መኪና መሣሪያህ አይደለም' አለኝ። የማን ናት ሲለኝ ስምህን ልጥራ? ልተወው? ምላሴ ታሰረ።»

«ጠራኸው?»

«ሳላስፈቅድህ? አልጠራሁም ወንድሜ።»

አባቴ ተቀመጠ። ነጋዴው ቆሞ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። እናቴ ጮኻ አልቅሳ፣ ወዲያው ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን ያዘች።

ያን ዕለት ማታ ጸሐፊው እንደገና መጣ። ማን እንደነገረው እንጃ፤ ፍርድ ቤት ሰምቶ ይሆናል። ኮቱን ለብሶ በራፋችን ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ አሁንም አልረፈደም። ነገ ሄደው መኪናዋ የእኔ ናት ይበሉ፣ እማኝ ይቁጠሩ። ከሐራጁ በፊት ከደረሱ ያስመልሷታል። ዳኛው መቆጣቱ አይቀርም፣ ቢሆንም—» አለ።

«ይቆጣል?» አለ አባቴ።

«ሸጫለሁ ብለው ፈርመው የለ? ትንሽ ይቆጣል።»

ለአባቴ ዳኛ ይቆጣል ማለት ያስራል ማለት ነው። እናቴ ጸሐፊውን፣ «የኛን ጉዳይ እንዲህ የሚከታተሉት ምን አግኝተው ነው፣ ጌታዬ?» አለችው። ሰውየው ቀይ ሆነ። «ኮቴን በደንብ ስለሠሩልኝ ነው» አለ፤ ሌላ የሚመጣለት ቃል ያጣ መሰለኝ። ይህ መልስ ለእናቴ ይበልጥ አስፈሪ ነበር። በሩን ዘጋችበት፣ ከዚያ ሄዳ የጓሮውንም ዘጋች።

ሐራጁ የተደረገው ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ አልሄድም ሲል ከርሞ በዕለቱ ተነሣ፤ ብቻውን እንዳይሄድ እኔ ተከተልኩት። ቁም ሣጥኖች፣ ወንበሮች፣ አንድ ብስክሌት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጃንሆይን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመስታወት ተገጥሞ ግድግዳ ተደግፏል። መኪናዋ ጫፍ ላይ ናት፤ መርገጫዋ ሥር በርበሬ አለባት። አስፈጻሚው ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። አባቴ ሰው መሐል ተሸሸገ።

ጨረታውን ያሸነፈው ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ልብስ ሰፊ ነበር። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ጎማዋን በእጁ አሽከረከረ፣ ግን ዕውቀቱ አነስ ያለ መሆኑ ያስታውቃል። አንገቱን ቀና አድርጎ ሰዉን ሲያማትር የአባቴን አውራ ጣት ያየው ይመስለኛል፤ የልብስ ሰፊ ጣት በመርፌና በመቀስ ይታወቃል።

«አባባ፣ እርስዎ ልብስ ሰፊ ነዎት አይደል? በእናትዎ እስቲ ይሞክሩልኝ። እኔ አዲስ ነኝ፣ እንዳያታልሉኝ ብዬ ነው።»

አባቴ ወደ አስፈጻሚው አየ። አስፈጻሚውም ወደ እሱ ያይ ነበር። እዚያ ቆሞ እምቢ ማለትም ያስጠረጥራል፣ እሺ ማለትም ያስጠረጥራል። ልጁ ቁራጭ አቡጀዴ እጁ ላይ አኖረለት። አባቴ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ መርፌውን ሳያይ ክሩን አስገባ፣ እግሩን መርገጫው ላይ አኖረ፣ ሄደ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰፋ። ጨርቁን አዙሮ ከጎኑ ሌላ ሰፋ። መኪናዋ ያንን ድምፅ፣ እኔ የምተኛበትንና የምነሣበትን ድምፅ አሰማች። ቆሜ እያየሁት አለቀስኩ፤ የማን ሴት ልጅ እንደሆንኩ እንዳይታወቅ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

«ደህና ናት?» አለው ልጁ።

«ደህና ናት» አለ አባቴ። «ዘይት አትንፈጋት። ወፍራም ጨርቅ ላይ ትንሽ ታንከራትትሃለች፣ እሱን በእጅህ እየረዳህ አሳልፋት።»

«አንድ ጊዜ ሞክረው ይሄን ሁሉ አወቁ?»

አባቴ ተነሣ። አስፈጻሚው ወረቀቱን እንደያዘ አጠገባችን ደርሷል። ስፌቱን አየ፣ የአባቴን እግር አየ፣ ከዚያ ፊቱን አየው። ምንም አልተናገረም። ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣንና ወደ ሌላው ዕቃ አለፈ። ልጁ መኪናዋን በኩሊ አሸክሞ ወጣ።

እኛም በእግራችን ወደ ኮልፌ አቀናን። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ አባቴ በድንገት ቆመና ክንዴን ያዘኝ።

«ያ ሰውዬ አውቆኛል» አለ። «የእኔ መሆኗን አውቋል። አንቺስ አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለኝ?» ወደ ኋላው ዞሮ የመጣንበትን መንገድ አየ። «ምን ፈልጎ ነው ዝም ያለኝ?»